ወንዙን ሽቅብ፣ ወንዙን ቁልቁል

አንድ ሽማግሌ የሰጡኝ መልስ አለ። አጭር ነው፣ በጣም አጭር። ከሰማሁት ቆይቷል፤ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ይመጣብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ቦታው ሰሜን ካሊፎርኒያ ነው፤ ዊችፔክ የምትባል ትንሽዬ መንደር። እኔና የአክስቴ ልጅ ከኦክላንድ ተነስተን እነዚያን ሰማይ ጠቀስ የሬድዉድ ዛፎች ልናይ ወጥተን ነበር። ከዚያ የባሕሩን ዳር ትተን በተራራው ውስጥ በሚያልፈው በሃይዌይ 96 እንሂድ ተባባልን። መንገዱ ጠባብና ጥምዝምዝ ነው። ከጎኑ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። የስልካችን ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል። ዊችፔክ ስንደርስ መንገድ ዳር ሱቅ አየንና ቆምን። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የዩሮክ ሰው ናቸው፣ የዚያ ወንዝ ዳር ነባር ሕዝብ። ሰላምታ ሰጠንና ኦርሊንስ የምትባለው ከተማ በሰሜን በኩል እንደሆነች ጠየቅኳቸው።

አዎም አላሉኝ፣ አይደለምም አላሉኝ። በአገጫቸው ወንዙን አሳዩኝና «ወንዙን ሽቅብ ሂዱ» አሉ። የአክስቴ ልጅ ቀጠለችና ባሕሩስ በየት በኩል ነው አለቻቸው። «ወንዙን ቁልቁል።» በቃ ይኸው ነው። የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ግን ሰሜን፣ ምዕራብ፣ ግራ፣ ቀኝ የሚል ነገር አንድም ጊዜ ከአፋቸው አልወጣም።

አመስግነን ወደ መኪናችን ገባን። በዚያ ሰዓት ምንም አልመሰለኝም። መንገዱ የሚሄደው በወንዙ ዳር ስለሆነ ነው እንዲህ ያሉት ብዬ አለፍኩት።

## ኮምፓሱና ውሃው

ነገሩ የጀመረው ከዊችፔክ ከወጣን በኋላ ነው።

ከሱቁ በፊት፣ ከሁፓ ሸለቆ ስንመጣ፣ አብሮን የነበረው ወንዝ ትሪኒቲ ነው። ትሪኒቲ እዚያ አካባቢ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይፈሳል። እኛም ወደ ሰሜን እንነዳለን። ከውሃው ጋር ነበርን ማለት ነው፤ ቁልቁል። ዊችፔክ ላይ ትሪኒቲ ክላማዝ ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ክላማዝ ከኦሪገን ደጋ ተነስቶ፣ ተራራውን ሰንጥቆ፣ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ይመጣል። ዊችፔክ ላይ ትሪኒቲን ይቀበልና ድንገት ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይነጉዳል። ሃይዌይ 96 ግን አብሮት ወደ ባሕሩ አይታጠፍም። ክላማዝን ወደ መጣበት ይከተለዋል።

የመኪናችን ኮምፓስ ከዊችፔክ በፊት ሰሜን ይል ነበር። ከዊችፔክ በኋላም ሰሜን ይላል፣ አንዳንዴ ሰሜን ምሥራቅ። በኮምፓሱ ቋንቋ የተለወጠ ነገር የለም። ያው መንገድ፣ ያው አቅጣጫ። በመስኮት ወንዙን ሳየው ግን ውሃው ፊት ለፊታችን እየመጣ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ አብሮን ሲወርድ የነበረ ውሃ አሁን ከፊት እየመጣ ወደ ኋላችን ያልፋል።

መኪናዋን ጥግ አስይዤ ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም፣ ውሃውን ልየው አልኳት። ቆሜ አየሁት፣ ረጅም ጊዜ። ሽማግሌው የነገሩኝ ነገር ያን ጊዜ ነው የታየኝ። እኔ አንድ ቀጥ ያለ ጉዞ ላይ ነኝ ብዬ አስባለሁ። በእሳቸው ቋንቋ ግን ጉዞዬ ሁለት ነው። ዊችፔክ ላይ አንዱ አልቋል፣ ሌላው ጀምሯል። እስከዚያ ድረስ ስወርድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየወጣሁ ነው። ማነው ያለሁበትን በደንብ የነገረኝ? ኮምፓሱ ስለ ዋልታው ነገረኝ፣ እሺ፤ ዋልታው ግን ከእኔ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሽማግሌው የነገሩኝ እግሬ ሥር ስላለው ነገር ነው።

እንደውም ከዚያ በላይ ነገሩኝ። እዚህ ወንዝ ዳር ሰው የሚጓጓዘው ከአንድ የሬድዉድ ግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ነበር። ቁልቁል ካሉህ ውሃው ይወስድሃል። ሽቅብ ካሉህ ክንድህን አዘጋጅ። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከባሕሩ ተነስቶ የሚመጣው ከቁልቁል ነው፣ የሚሄደው ወደ ሽቅብ ነው። አንዲት የአቅጣጫ ቃል ውስጥ ባሕሩ አለ፣ ዓሣው አለ፣ የጉዞው ድካም አለ። «ሰሜን» ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

## ቃላቱ

ቤቴ ስገባ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የገረመኝን ብቻ።

በዩሮክ ቋንቋ ፑል የሚለው ሥር ወንዙን ቁልቁል ነው። ፔች ወንዙን ሽቅብ። ሂኮ ከወንዙ ማዶ። ዎን ደግሞ ከውሃው ተለይቶ ወደ ዳገቱ፣ ወደ ላይ። ከውቅያኖሱ ማዶ ላለው ራሱን የቻለ ቃል አላቸው፣ ዎህፔ። እነዚህ ብቻቸውን የሚቆሙ ጥቂት ቃላት ብቻ እንዳይመስሉን። በግሱም በስሙም በቦታ መጠሪያውም ውስጥ ይገባሉ። በተረታቸው ውስጥ ብዙ ነገር ለሰው ያመጣ ዎህፔኩሜው የሚባል አለ፤ ስሙ የሚናገረው ከውቅያኖስ ማዶ እንዳለ ነው። ሰው የሚያጠፉ ጭራቆችን ያጠፋው ጀግና ደግሞ ፑሌኩክዌሬክ ይባላል፤ ፑል ስሙ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። መኖሪያውም በቁልቁል በኩል ያለው የዓለም ጫፍ ነው። አማልክቱ ሳይቀሩ በወንዙ ነው አድራሻቸው የሚታወቀው።

«ዩሮክ» የሚለው ስም ራሱ የአቅጣጫ ቃል መሆኑን ሳነብ ደግሞ ተነስቼ ቆምኩ። ቃሉ የእነሱ አይደለም። የጎረቤቶቻቸው የካሩክ ነው፤ በካሩክ ቋንቋ ወንዙን ቁልቁል ማለት ነው። «ካሩክ» ደግሞ በዚያው ቋንቋ ወንዙን ሽቅብ። ካርታው ላይ ሁለት ሕዝብ ተብለው የተጻፉት «የላይኞቹ» እና «የታችኞቹ» ናቸው። ዩሮኮቹ ራሳቸውን ሲጠሩም ከዚህ አይርቁም። በታችኛው ወንዝ ያሉት ፑሊክሎ ይባላሉ፤ ያው ፑል አለበት። በባሕሩ ዳርቻ ያሉት ኔረርነር የሚባል ሌላ ስም አላቸው።

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ። የዩሮክ ቋንቋ ዘመዶቹ እዚያ አካባቢ የሉም ማለት ይቻላል። አጠገቡ የነበረው የዊዮት ቋንቋ ሲቀር፣ ሌሎቹ ዘመዶቹ ተራራውን ተሻግረው በካናዳና በምሥራቅ አሜሪካ ያሉት እንደ ክሪና ኦጂብዌ ያሉ ቋንቋዎች ናቸው። የቋንቋ አጥኚው ኤድዋርድ ሳፒር ይህን ዝምድና በ1913 ሲናገር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። የሌሎቹ ጎረቤቶቻቸው የሁፓዎች ቋንቋ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ካለው ከናቫሆ ጋር የሚዛመድ ነው። የካሩክ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ የሚባል የለውም። ሦስት ጎረቤታሞች፣ ሦስት ፈጽሞ የማይገናኙ ቋንቋዎች። ሦስቱም ግን አቅጣጫ የሚቆጥሩት በወንዝ ነው።

ይህ እኔን ብዙ አሳሰበኝ። ቋንቋ ነው አስተሳሰብን የሚቀርጸው ሲባል እንሰማለን። እዚህ ግን ቋንቋዎቹን የቀረጻቸው ወንዙ ነው የሚመስለው። ከየትም መጥተው እዚያ ሸለቆ ውስጥ የሰፈሩ ሰዎች፣ ቃላቸውን ይዘው መጡ፣ ወንዙ ግን አስተካከላቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ።

ቤቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። ቶማስ ዋተርማን የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1920 የዩሮክን አገር በካርታ አስቀምጦ የቦታዎቹን ስም በመቶዎች መዝግቧል። መንደሮቹን ቤት በቤት ነው የሣላቸው። ቤቶቹ ስም ነበራቸው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚናገረው የት እንደሚገኙ ነው፣ ወደ ሽቅብ ያለው፣ መሃል ያለው፣ ከኋላ ያለው እያለ። ሰውም በቤቱ ስም ይጠራ ነበር። እስቲ አስቡት። ስምህ ራሱ ከወንዙ አንጻር የት እንደቆምክ ይናገራል።

## «ሰሜን የላቸውም» ሲባል

ስለዚህ ነገር ሲጻፍ ደጋግሜ ያየሁት አባባል አለ። «ዩሮኮች ለሰሜንና ለደቡብ ቃል የላቸውም» ይላል። ትክክል ነው ሊባል ይችላል። አልፍሬድ ክሮበር ከ1900 ጀምሮ ወንዙ ዳር እየተመላለሰ ያጠና አንትሮፖሎጂስት ነው፤ በ1925 ባሳተመው ትልቅ ሥራው የዩሮክ ሰው አቅጣጫን የሚያስበው በውሃው ፍሰት እንጂ በአራቱ ማዕዘናት አይደለም ብሏል። እኔን የሚያናድደኝ «የላቸውም» የሚለው አነጋገር ነው። እንደ ጉድለት። ፀሐይ ከየት እንደምትወጣ የማያውቅ ሕዝብ ያለ ይመስል። ያውቃሉ እንጂ። ግን በዚያ ገደላ ገደል ውስጥ ፀሐይ የምትታየው ከተራራው በላይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ጭጋጉ ደግሞ ከባሕሩ እየተነሳ ሸለቆውን ይሸፍነዋል። ወንዙ ግን ሌትም አለ፣ ጭጋግም ሲሆን አለ። ባይታይ ይሰማል።

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህ የሚከብደው ሰው አለ ብዬ አላምንም። እናቴ የጋይንት ሰው ናት። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ብሎ ወረዳ የሚሰይም ሕዝብ ነን። ጎንደር ላይ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ይከፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ጠይቆ «ወደ ሰሜን ሂድ» የተባለ ሰው አላውቅም። «ወደ ላይ ውጣ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ስትል ታገኘዋለህ» ነው የሚሉን፤ ሁላችንም ይገባናል። አልጋ ላይ እንኳ ራስጌና ግርጌ አለን።

ግን አንድ አይደለም፣ እውነቱን እንነጋገር። የእኛ ላይና ታች የዳገቱ ነው፤ ዳገቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፣ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ላይ አለው። የእነሱ የአንድ ወንዝ ነው። ሸለቆው ውስጥ የትም ብትቆም ፑል የሚመልሰው ወደዚያው ወደ አንዱ ባሕር ነው። ወንዙ ሲታጠፍ ፑልም ይታጠፋል። በካርታ ብታየው አንዱ ቦታ ላይ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሌላው ላይ ወደ ሰሜን፤ ለዚያ ሰው ግን ምንም አልታጠፈም፣ ያው ቁልቁል ነው። ቀጥታ መስመር ማለት እኮ ማስመሪያ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ነው ቀጥ የሚለው። ጀልባ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቀጥታው ወንዙ ነው።

እኛ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ወንዝ ለእኛ ተረት ተጓዥ ነው፣ ቤት የሌለው፣ ትቶን የሚሄድ። ዩሮኮች ጋ ይህ ተረት አይሠራም። እነሱ ጋ የሚዞረው ሰው ነው፤ ወንዙ ነው ማደሪያው። የዓለም መካከል የሚሉት ቦታ እንኳ ኬኔክ ይባላል፤ ከዊችፔክ ትንሽ ቁልቁል ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር የነበረ መንደር ነው። ምድር በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ናት፣ መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደግሞ ክላማዝ ነው። ልጅ ሆኖ ይህን የሰማ ሰው ሰሜን ምን ያደርግለታል?

## መሃሉ የተቆረጠ መንገድ

ከባሕሩ ተነስቶ በመኪና ወንዙን ተከትሎ ዊችፔክ መድረስ አይቻልም። ይህን የማያውቅ ሰው ካርታ ላይ አይቶ ቀላል ይመስለዋል። ሃይዌይ 169 የሚባል መንገድ አለ፤ ግን ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ከባሕሩ በኩል ክላማዝ ግሌን ድረስ ይገባና ያበቃል። ሌላው ከዊችፔክ ወንዙን ይዞ ይወርድና ጆንሰንስ አካባቢ ያልቃል። መሃል ላይ መንገድ የለም። ወንዝ ብቻ ነው ያለው።

የዩሮክ ይዞታ መሬት ደግሞ ከወንዙ በግራና በቀኝ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕሩ ወደ ሽቅብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ቀጭን መቀነት ነው። መሬታቸው የወንዙ ቅርጽ አለው። ታች ያለው ሰው ላይ ያለ ዘመዱን በመኪና ሊጠይቅ ከፈለገ ግን ከወንዙ ወጥቶ፣ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ኦሪክ ድረስ ሄዶ፣ የቦልድ ሂልስን ተራራ ወጥቶ፣ በሌላኛው በኩል ወርዶ ነው የሚደርሰው። ወንዙ አንድ ያደረገውን ሰፈር መንገዱ ለሁለት ከፈለው። የመንገዱ ሰዎች ያሰቡት በሌላ ካርታ ነው፣ ከከተማ ከተማ የሚያገናኝ ካርታ። በዚያ ካርታ ላይ ዊችፔክ ዳር ናት። በፑልና በፔች ካርታ ግን መገናኛ ናት፤ ሁለት ትልልቅ ወንዞች የሚገጥሙባት፣ የሦስት ሕዝብ ድንበር።

## ክፍል ውስጥ ሽቅብ የት ነው?

ወርቅ ፈላጊዎች ወንዙ ዳር የደረሱት በ1850 አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግድያ፣ በሽታ፣ ሳይጸድቅ የቀረ ውል። ለቋንቋው የከፋው አዳሪ ትምህርት ቤቱ ነው። ልጆችን ከቤታቸው ወስዶ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ መከልከል። ስለ ፑልና ፔች ሳስብ ይህ ነገር ሌላ መልክ ይይዝብኛል። ልጁ ቋንቋውን ብቻ አይደለም የተቀማው፣ ከወንዙም ነው የተወሰደው። ወንዝ በሌለበት ግቢ ውስጥ ቃሉን ቢያስታውሰው እንኳ በእጁ የሚያመለክተው ነገር የለም።

አርቺ ቶምሰን የሚባሉ ሰው በ2013 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዩሮክ ቋንቋ አፋቸውን ፈትተው አዘውትረው ይናገሩት የነበሩ የመጨረሻው ሰው ተብለው ነው ዜናው የተጻፈው። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ከሥር ያለውን ግን ማንበብ ያስፈልጋል። ከእሳቸው በኋላም ቋንቋው አልቆመም። ለዓመታት ከሽማግሌዎች እየተማሩ ቋንቋውን ያነሱ የዩሮክ መምህራን አሉ። በርክሌይ ያለው ዩኒቨርሲቲ የድሮና የአዲስ ቅጂዎችን ሰብስቦ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ከአርቺ ቶምሰን ዕረፍት በፊት ጀምሮ በአካባቢው ያሉ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዩሮክን እንደ ማንኛውም ቋንቋ ያስተምራሉ፤ ዩሪካ ከተማ ያለው አንዱ ነው።

ዩሪካ ግን ክላማዝ ዳር አይደለችም። ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ የዊዮት ሕዝብ አገር። ጠረጴዛና ነጭ ሰሌዳ ያለበት ክፍል ውስጥ መምህሯ «ፔች» ስትል ተማሪው ወደየት ይጠቁማል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ብዙ አሰብኩበት። የቀለም ስም የትም ቦታ ማስተማር ይቻላል፣ ቁጥር ማስተማር ይቻላል (የዩሮክ ቁጥር እንኳ ሰው ሲቆጠርና ክብ ነገር ሲቆጠር ስለሚለያይ ቀላል አይደለም)። ፔች ግን ወንዙ የት እንዳለ ሁልጊዜ በልብህ ካልያዝክ አትናገረውም። እኔ አሁን ኦክላንድ ተቀምጬ ክላማዝ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ካርታ ማየት አለብኝ። ስለዚህ ቃሉን አነበብኩት እንጂ አልቻልኩትም።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሽማግሌው የተመለስኩት። የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነበር ብያለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ አሳዝኖኝ ነበር፤ ቋንቋው ሄዷል ብዬ። አሁን እንደዚያ አላይም። እዚያ ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች እንግሊዝኛ ሲናገሩ ሽቅብና ቁልቁል ይላሉ። ሰው ይጠራሉ፣ «የላይኛው ወንዝ ልጅ ነው» እያሉ። እንግሊዝኛው ሰሜንና ደቡብ እያለው፣ ያለውን ሁሉ ትቶ በወንዙ እንዲያስብ ተደርጓል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ቃሉን ከአፋቸው አወጣው፤ ካርታውን ግን ማውጣት አልቻለም። ካርታው እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ቀጠለ። አንድ ልጅ ነገ ፑልና ፔች ሲማር አዲስ ነገር አይማርም። የሚያውቀውን ነገር የአያቶቹን ቃል ነው የሚያለብሰው።

## ኩሬ ሽቅብ የለውም

በመስከረም 2002 የታችኛው ክላማዝ ውስጥ ከ30,000 በላይ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። ወንዙ ጎድሎ፣ ውሃው ሞቆ፣ በሽታ ገብቶ። አብዛኛው ሳልመን ነበር፤ ከባሕሩ መጥቶ ሽቅብ እየሄደ የነበረ። የዩሮክ ሰዎች ያን ጊዜ ያዩትን እስከዛሬ ያነሱታል። ከላይ ደግሞ ግድቦች ነበሩ፣ አራት፤ አይረን ጌት፣ ኮፕኮ 1፣ ኮፕኮ 2 እና ጄ ሲ ቦይል። ዩሮኮች፣ ካሩኮችና ሌሎችም ሕዝቦች ግድቦቹ ይፍረሱ ብለው ዓመታት ታገሉ።

የግድብ ኩሬ ምን እንደሆነ ከዚህ በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ኤሌክትሪክ ነው፣ ውሃ ነው፣ ዓሣ ማለፊያ አጣ፣ ይህን ሁሉ እናውቃለን። አቅጣጫን በወንዝ ለሚቆጥር ሰው ግን ኩሬ ሌላ ነገርም ነው። የቆመ ውሃ ሽቅብ የለውም፣ ቁልቁል የለውም። ዳሩ ላይ ቆመህ ብታየው የት እንዳለህ አይነግርህም። ዓሣም እኮ መንገዱን የሚያውቀው በፍሰቱ ነው።

ግድቦቹ ፈረሱ። ኮፕኮ 2 በ2023፣ የቀሩት ሦስቱ በ2024። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚያህል ግድብ የማፍረስ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም። የበጋው ሥራ አልቆ ወንዙ በቀድሞ አልጋው ከተለቀቀ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2024፣ ሳልመን አይረን ጌት የነበረበትን ቦታ አልፎ ኦሪገን ውስጥ ታየ። ከመቶ ዓመት በላይ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ማንም መንገድ አላሳየውም።

አሁን የማስበው ስለዚያ ክፍል ነው፣ ዩሪካ ስላለው። በ2012 ፔች የሚለውን ቃል የተማረ ልጅና ዘንድሮ የሚማር ልጅ የሚጠቁሙት ቦታ አንድ አይደለም። ያኔ ለተማረው፣ ዓሣ የሚሄድበት ሽቅብ አይረን ጌት ላይ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ዘንድሮ ለሚማረው ኦሪገን ገብቷል። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ወንዙን ስትሥልለት መስመሩን ከበፊቱ አርዝማ መሣል አለባት።